ከይሓ ገል እስከ ፑንት መርከብ

አዲስ አበባ ቦሌን ከማግኘቷ በፊት በአየር የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚረግጠው የልደታን መሬት ነበር። ዛሬ «አሮጌው ኤርፖርት» የምንለው ሜዳ ያኔ የሀገሪቱ ዋና የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1952 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፈረንሳዮች እገዛ የአርኪዮሎጂ ክፍል ሲያቋቁሙ፣ የጥንቷን ኢትዮጵያ ቆፍረው ለማየት በአየር የሚመጡት ምሁራን የሚያርፉትም እዚሁ ልደታ ነበር።

ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፤ ይሓን ማን ሠራው? ከአድዋ ብዙም በማትርቀው ይሓ የቆመው ታላቅ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ የተሠራ ነው። ጥርብ ድንጋዮቹ ያለ ማጣበቂያ አንዱ ከአንዱ ገጥመው እስከ ዛሬ አሉ። በአካባቢው የተገኙት ጽሑፎች የተቀረጹት በሳባ ፊደል ነው፤ ቤተ መቅደሱ የተሠራለት አልመቃህም የሳባውያን አምላክ ነው። በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን አክሱምንና አካባቢዋን ለክቶ፣ ሥሎና ፎቶ አንሥቶ ሄደ፤ ውጤቱንም በ1913 አሳተመ። በ1928 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፍ መልሱን ቁርጥ አደረገው፤ ከደቡብ ዓረቢያ ቀይ ባሕርን የተሻገሩ ነገዶች ፊደሉን፣ እምነቱንና መንግሥቱን ይዘው መጡ አለ።

ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው ይህንኑ ነው። በዚያ ትረካ ውስጥ ተሻግረው የመጡት ስም አላቸው፣ አምላክ አላቸው፣ ንጉሥ አላቸው። እዚሁ ሆነው የተቀበሏቸው ሰዎች ግን መልክ የላቸውም። ምን ያርሱ ነበር? በምን ያበስሉ ነበር? ሙታናቸውንስ እንዴት ይቀብሩ ነበር? ጽሑፍ ስላልተዉ ጠያቂም አላገኙም። የዚህ ታሪክ ባለቤት፣ አርኪዮሎጂስቱ ሮዶልፎ ፋቶቪች፣ ዕድሜውን የሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ስለ እሱ መጻፍ የፈለግሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

እሱ ከመምጣቱ በፊት መንገዱን የጠረጉለት ነበሩ። በ1950ዎቹ አንሪ ደ ኮንተንሰን ከአክሱም ደቡብ ምሥራቅ ሐውልቲና መላዞ በተባሉት ቦታዎች ቆፍሮ የተቀመጠች ሴት የድንጋይ ምስልና በቅርጽ የተዋበ የድንጋይ መንበር አወጣ። ከ1959 መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ ፍራንሲስ አንፍሬ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለችውን መጠራን መቆፈር ያዘ። ከዚያ በ1963 የወጣው የነሐስ ዕቃ ወርቅ የሞላበት ነበር፤ በአንገት እንዲንጠለጠሉ ማንጠልጠያ የተበጀላቸው የሮማ ነገሥታት 14 የወርቅ ሳንቲሞች ከመስቀሎችና ከሰንሰለቶች ጋር። ይኸው አንፍሬ በ1960 መጀመሪያ ይሓ ላይ ከዓለት የተፈለፈሉ መቃብሮች ከፈተ፤ ሸክላዎች፣ የነሐስ ማጭዶች፣ መጥረቢያዎችና ማኅተሞች አገኘ። በ1962 ሆላንዳዊው ድሬውስ የጥንቶቹን ጽሑፎች በሁለት ወገን ከፈላቸው። አንደኛው ወገን ቋንቋው ጥርት ያለ ሳባዊ ሲሆን ሁለተኛው ግን በዚያው ፊደል እየጻፈ የሌላ ቋንቋ ወዝ ይታይበታል። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በሳባ ፊደል የሚጽፍ ሁሉ ሳባዊ እንዳልሆነ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው።

ፋቶቪች በ1945 የተወለደ ጣሊያናዊ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የመንገደኛ አውሮፕላን ከልደታ ወደ ቦሌ ከዞረ ዓመታት አልፈዋል። በ1972፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ አንፍሬ ይሓን እንደገና በሚቆፍርበት ወቅት እሱም እዚያው ጠባብ የመሞከሪያ ጉድጓዶች አስቆፈረ። ቤተ መቅደሱ ፊቱ ቆሞ ሳለ ዓይኑን የጣለው መሬት ላይ ነበር። የፈለገው የአፈሩን ንብርብር አንድ በአንድ መለየትና በየንብርብሩ የተገኘውን ገል ለየብቻ መያዝ ነው።

ልደታ ላይ የድሮው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካ ኤክስካቫተር በአንድ ጧት የሚዝቀውን አፈር አርኪዮሎጂስት በማንካና በብሩሽ ወራት ይፈጅበታል። ኤክስካቫተሩ የላይኛውንና የታችኛውን አንድ ላይ ያምሰዋል፤ አርኪዮሎጂስት ደግሞ ያለ ዋጋ የሚቀረው የላይኛው ከታችኛው ሲቀላቀልበት ነው። የታችኛው ንብርብር ቀድሞ የተጣለ፣ የላይኛው በኋላ የመጣ ነው፤ ሥራው በሙሉ የሚቆመው በዚህች ቀላል እውነት ላይ ነው። አፈሩ በወንፊት ይነፋል። የወጣው ገል ታጥቦ ይደርቃል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ከዚያ ይለያል። ይህ የማሰሮ ከንፈር ነው፣ ያ የእንስራ አንገት፣ ይህ መቀመጫ። ጭቃው ውስጥ የተቀላቀለው አሸዋ ነው ወይስ ገለባ? ላዩ ተወልውሏል? ጌጡ በሹል ነገር ተጭሯል ወይስ በእርጥቡ ተጫነ? ቤተ መንግሥት የሚያሠራ ንጉሥ የእጅ ባለሙያ ከሩቅ አገር ያስመጣል፤ ወጥ የሚሠራበትን ማሰሮ ግን ሰው ከጎረቤቱ ይገዛል። ዛሬም በሀገራችን ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ አሠራሩም ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ስለዚህ ሐውልትና ጽሑፍ ስለ ገዢዎቹ ሲናገሩ ገል ስለ ቤተሰቡ ይናገራል።

በ1974 ፋቶቪች ከላንፍራንኮ ሪቺ ጋር ሆኖ ከአክሱም ደቡብ ምዕራብ ሰግላመን በምትባል ቦታና ከከተማዋ በላይ ባለው የቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ ቆፈረ። ሪቺ የቋንቋና የጽሑፍ ሊቅ ነው፤ ወጣቱ የገል ሰው ነው። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ፤ በእኛ አቆጣጠር የ1966ቱ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ኔቪል ቺቲክ ከ1972 ጀምሮ በአክሱም የሐውልቶች ሜዳ ያካሄደው ሰፊ ቁፋሮ ተቋረጠ። የውጭ አጥኚዎች ሰሜኑን ለቀው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ትግራይ የጦርነት ምድር ሆና ቆየች።

ለአንድ አርኪዮሎጂስት እንዲህ ያለ መዘጋት የሥራ ሞት ሊሆን ይችላል። ፋቶቪች በኔፕልስ ምሥራቃዊ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን አርኪዮሎጂ እያስተማረ በእጁ ያለውን መመርመር ቀጠለ። በ1977 ከአክሱም በፊት ስለነበረው ሥልጣኔ የሚታወቀውን ሁሉ አሰባስቦ ጻፈ። በ1978 ደግሞ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ የዕድሜ ልክ ሐሳቡ ፍሬ ያለው በዚያ ውስጥ ይመስለኛል። ከአክሱም በፊት በነበረው የሰሜን ኢትዮጵያ ባህል ውስጥ አፍሪካዊ ድርሻ ይታያል የሚል ነው።

ማስረጃው የተሰበረ ሸክላ ነው። ከይሓና ከመሰሎቿ ከወጡት መካከል ገላቸው ቀይ፣ አፋቸው ዙሪያ ጥቁር የሆኑ ዕቃዎች ነበሩበት። እንዲህ ያለ ሸክላ የሚገኘው በእሳት ብልሃት ነው። አፉ አመድና ፍግ ውስጥ ተቀብሮ አየር ሲያጣ ይጠቁራል፤ አየር የሚያገኘው ገላው ይቀላል። ይህ ብልሃት ደግሞ በሱዳንና በኑብያ ከይሓ በሺህ ዓመታት አስቀድሞ የታወቀ ነው። ታዲያ ፊታችንን ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ ማዶ ብቻ የምናዞረው ለምንድን ነው? ከጀርባችን፣ በምዕራብ በኩል፣ ማን ነበር? በ1980 ከአክሱም በፊት ስለነበረው የኢትዮጵያ ሸክላ ሰፊ ጥናቱን አሳተመና በዚያው ዓመት ጥያቄውን ተከትሎ ወደ ከሰላ ወረደ።

መረብ ከኤርትራ ደጋ ተነሥቶ የትግራይን ድንበር ይዞ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ሱዳን ሲገባ ጋሽ ይባላል። ከሰላ ከተማ አጠገብ ሜዳው ላይ ተንጣሎ በረሃው ውስጥ ይጠፋል። ደጋው የተዘጋበት ሰው ከደጋው የሚወርደውን ውኃ ተከትሎ መጨረሻው ላይ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ከ1980 እስከ 1995 የጣሊያን ቡድን በእሱ መሪነት በጋሽ ዳርቻ ያሉ ጥንታዊ ሰፈሮችን አሰሰ። ዋናው ማሃል ቴግሊኖስ የተባለው ቦታ ነው፤ ከከሰላ በላይ በቆሙት ራሰ ክብ የግራናይት ተራሮች ሥር ይገኛል።

እዚያ የወጣው ነገር የታሪካችንን መነሻ ወደ ኋላ ገፋው። ሊቃውንቱ «የጋሽ ቡድን» ያሉት ሕዝብ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2700 እስከ 1400 ገደማ በዚያ ኖሯል፤ ከይሓ ቤተ መቅደስ በፊት ሁለት ሺህ ዓመታት ያህል ቀድሞ ማለት ነው። ሙታኑን ከመሬት በታች ቀብሮ በላያቸው ያልተጠረበ ረጅም ድንጋይ ያቆም ነበር። በ1989 ፋቶቪች ስለ እነዚህ ሐውልቶች ጻፈ። የአክሱም ልጅ ያነበበው እንደሆን ልቡ የማይዘል አይመስለኝም። ድንጋይ አቁሞ ሙታንን መዘከር አክሱም ላይ ድንገት የፈለቀ ሳይሆን በዚህ ቀጣና ቆላ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ ሊሆን ይችላል ማለት ነውና። የዘር ሐረጉ በቀጥታ የተያያዘ ነው ብሎ አላወጀም፤ በመካከሉ ብዙ መቶ ዓመታት አሉ። ግን ድንጋዩ ቆሟል፣ ሙታኑም ከሥሩ ናቸው።

ከሐውልቶቹ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን በጣት የምትያዝ ትንሽ የጭቃ ጉርሻ ናት። ከማሃል ቴግሊኖስ እንዲህ ያሉ ብዙ ወጥተዋል። አሠራሩ ይህ ነው። ጎተራ ይሞላል፣ በሩ በገመድ ይታሰራል፣ ቋጠሮው ላይ እርጥብ ጭቃ ይለጠፋል፣ ጭቃው ላይ ማኅተም ይጫናል። ወይም እህል የተሞላ ስልቻ አፉ ታስሮ እንዲሁ ይደረግበታል። ጭቃው ሲደርቅ ማኅተሙን ሳይሰብር ማንም አይከፍተውም። ኃላፊው መጥቶ ይሰብራል፣ የሚገባውን ያወጣል፣ ስባሪውን ለሂሳብ ያስቀምጣል። ከአራት ሺህ ዓመት በኋላ የጭቃውን ጀርባ ሲያገላብጡት የገመዱ ፈትል ያሳረፈው ምልክት ይታያል። ጽሑፍ አልነበራቸውም፤ ሂሳብ ግን ነበራቸው። ማን ምን እንዳስገባና ምን እንዳወጣ የሚቆጣጠር ሰው ነበራቸው፤ የዚያን ሰው ሥልጣን የሚያከብር ሕዝብም ነበራቸው። አስተዳደር የሚባለው ነገር በመርከብ ተጭኖ እስኪመጣ የሚጠብቁ ሰዎች አልነበሩም። ከዚሁ ቦታ የግብፅና በኑብያ የነበረችው የከርማ ሸክላ ስብርባሪም ስለወጣ ከዓባይ ሸለቆ ጋር ይገበያዩ እንደነበር ታውቋል።

ይህን ይዞ ፋቶቪች በ1990 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሚያወጣው መጽሔት ላይ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። የኮንቲ ሮሲኒን ትረካ ገልብጦ በሌላ ጽንፍ አልተካውም። ሳባውያንን ከታሪኩ አላባረራቸውም፤ የደቡብ ዓረቢያ እጅ በቤተ መቅደሱ፣ በጽሑፉና በንግሥናው ላይ ጠንካራ እንደነበር እስከ መጨረሻው ተቀብሏል። የለወጠው የመነሻውን ነጥብ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ተጽዕኖ ያረፈው ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን የራሱ አለቆች፣ የራሱ ሸክላና የራሱ የንግድ መስመር ባለው ሕዝብ ላይ ነው አለ። ዛሬ ይህ የተለመደ አነጋገር ሊመስል ይችላል። ያኔ ግን ለማለት የዐሥር ዓመት የበረሃ ቁፋሮ ጠይቋል።

በ1991 ጦርነቱ አበቃ፤ በ1993 አክሱም ለአርኪዮሎጂ እንደገና ተከፈተች። እንግሊዛዊው ዴቪድ ፊሊፕሰን ቺቲክ ያቆመውን ሥራ ከሐውልቶቹ ሜዳ ቀጠለ። ፋቶቪች ደግሞ ከቦስተን ዩኒቨርሲቲዋ የጥንታዊት ግብፅ አርኪዮሎጂስት ካትሪን ባርድ ጋር ሆኖ ከ19 ዓመት በፊት ወደተወው ኮረብታ፣ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የፋቶቪች ሀገር ሠራዊት በ1937 ከአክሱም 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሐውልት ነቅሎ ሮም ወስዶታል። ፋቶቪች ኮረብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል የሐውልቶቹን ሜዳ በሚያይባቸው ከ1993 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ሐውልቱ ሮም ውስጥ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። የተመለሰው በ2005 ነው፤ በቦታው የቆመውም በ2008። አንዱ ጣሊያን ትልቁን ድንጋይ ወሰደ፣ ሌላው ጣሊያናዊ ትንንሹን ገል ከተገኘበት ንብርብር ጋር መዝግቦ ለሀገሪቱ አስረከበ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልፈልግም፤ የሁለተኛው ሥራ ግን በስሙ መመስገን አለበት።

ቤተ ጊዮርጊስ አናቱ ዝርግ የሆነ ኮረብታ ነው። ከ1993 እስከ 2003 በዋናነት ሁለት ቦታ ተቆፈረ። ኦና እንዳ አቦይ ዘውገ የመቃብር ቦታ ነው፤ ኦና ነጋስት ደግሞ የታላላቆች መኖሪያ የነበረበት። በመቃብሩ ቦታ የድንጋይ መደቦች ተገኙ፤ በመደቦቹ ላይ ያልተጠረቡ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከሥራቸው መቃብሮች አሉ። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ አራተኛው ምዕተ ዓመት የሚጠጋ አለ። አክሱም በታሪክ መድረክ ላይ ወጣች ከሚባልበት ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ቀድመዋል ማለት ነው። በኦና ነጋስትም ከዚያው ዘመን የሆነ ትልቅ ሕንፃ መሠረት ወጣ።

ፋቶቪችና ባርድ ይህን ዘመን «ቅድመ መነሻ አክሱም» ሊባል በሚችል ስም ለይተው አወጡት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ400 ገደማ ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ምዕተ ዓመት ድረስ ይዘልቃል። ከዚያ በፊት ሊቃውንቱ ከይሓ ዘመን ወደ አክሱም ዘመን የሚዘሉት ድልድይ በሌለበት ነበር። ድልድዩ ኮረብታው ላይ ተገኘ። ከይሓ ዘመን ጋር ያለው ልዩነት ዓይን ይስባል። የአልመቃህ ቤተ መቅደስ የለም፣ በሳባ ፊደል የተጻፈ የንጉሥ አዋጅ የለም፣ ሸክላው የአካባቢው ነው፤ የታላላቆቹ ክብር የሚታየው በቆመ ድንጋይ ነው። አክሱምን የመሠረቱት የዚያው ኮረብታ ሰዎች ናቸው። በኋላ መንግሥቱ ሲሰፋ ከተማዋ ወደ ሜዳው ወረደች። ያልተጠረበው ድንጋይም እየረዘመና እየተጠረበ ሄዶ፣ በር፣ መስኮትና ፎቅ ተቀርጾበት፣ ዛሬ ወድቆ የምናየው 33 ሜትር የሚሆነው ትልቁ ሐውልት ላይ ደረሰ።

ቡድኑ የቆፈረውን አፈር በውኃ እያጠበ የከሰለ ዘር ይለቅም ነበር፤ አፈሩ ሲሰጥም ከሰሉ ይንሳፈፋል። የስንዴና የገብስ ፍሬዎች ተገኙ። የጥንቱን የትግራይ አየር ንብረትና እርሻ የሚመለከት ጥናትም በ2000 አሳተሙ። መጀመሪያ ጠያቂ ያጡት ጥያቄዎች፣ ምን ያርሱ ነበር የሚለውም ጭምር፣ በዚህ መንገድ አንድ በአንድ መልስ ማግኘት ጀመሩ።

ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ሥራው ሳያልቅ በ2001 ፋቶቪችና ባርድ ሌላ ቁፋሮ በግብፅ ቀይ ባሕር ዳርቻ ጀመሩ። ቦታው መርሳ ጋዋሲስ ነው፣ ከሳፋጋ ወደብ በስተደቡብ። ለምን ወደዚያ ሄደ ብሎ ለሚጠይቅ ምክንያቱ ጋሽ ነው። ፈርዖኖቹ ዕጣን፣ ወርቅ፣ ዞጲና ዝንጀሮ ያስመጡበት የነበረው ፑንት የተባለ ምድር የት እንደሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ፋቶቪች የምሥራቅ ሱዳን ቆላ፣ ኤርትራና ሰሜን ኢትዮጵያ በፑንት ውስጥ እንዳሉ ያምን ነበር። ከሰላ ላይ የፑንትን ጓዳ አይቻለሁ ብሎ ካሰበ ወዲያኛውን ጫፍ፣ የመርከቦቹን መነሻ ማየት ነበረበት። ግብፃዊው አብደል ሞኔም ሰይድ በ1970ዎቹ በዚያ የፑንት ጉዞ የተጠቀሰባቸውን ጽሑፎች አግኝቶ ወደቡ ይህ ነው ብሎ ነበር፤ ያመነው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በ2004 መጨረሻ ባርድ ከኮራሉ ገደል ላይ አሸዋ ስትጠርግ ትንሽ ቀዳዳ አገኘች፤ እጇን ስትሰድ ወዲያኛው ባዶ ነው። ዋሻ ነበር። በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎችም ተከፈቱ። የመርከብ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ጫፎች፣ መልሕቆች፣ የሊባኖስ ዝግባ ሳንቃዎች ወጡ፤ ሳንቃዎቹን የባሕር ትል በስቷቸዋል፤ መርከቦቹ ባሕሩን በእርግጥ እንደተሻገሩ ይህ ራሱ ምስክር ነው። መርከቦቹ ዓባይ ዳር ተሠርተው፣ ተፈታተው፣ በሰውና በአህያ በረሃውን አቋርጠው እዚህ ይገጣጠሙ ነበር። ከጥንቶቹ ጽሑፎች አንዱ ለአንድ ጉዞ ከ3,000 በላይ ሰዎች እንደዘመቱ ይመዘግባል።

ከዋሻዎቹ በአንዱ ውስጥ ገመድ ነበር። ተራ ገመድ ሳይሆን የመርከብ ወፍራም ገመድ፣ ከ20 በላይ ጥቅል፣ መርከበኞቹ ጠምጥመው ወገቡን አስረው እንዳስቀመጡት ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ከ3,700 ዓመት በላይ ማንም አልነካውም። ከዋሻዎቹ ደጅ ደግሞ አርባ ያህል የጭነት ሣጥኖች ተገኙ፤ በአንዱ ላይ የንጉሥ አመነምሐት አራተኛ ስምና ስምንተኛ የንግሥና ዓመቱ ተጽፎ የያዘው «የፑንት ድንቅ ዕቃ» መሆኑ ተመልክቷል።

ሣጥኑ ለጋዜጣ ርእስ ሆነ። ለፋቶቪች ግን ከሣጥኑ ይልቅ የሚበልጠው በዚያው አሸዋ ውስጥ የተገኘው የገል ስባሪ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከግብፅ ሸክላ መካከል ከኑብያ፣ ከምሥራቅ ሱዳን፣ ከኤርትራና ከየመን ወገን የሆኑ ቁርጥራጮች ነበሩ። ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ የመጣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ድንጋይም ነበር። ሠላሳ ዓመት በእጁ ሲያገላብጠው የኖረውን ዓይነት ሸክላ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የፈርዖን ወደብ ላይ አገኘው። ከሌላ ሰው እጅ ቢገባ «የማይታወቅ፣ የውጭ» ተብሎ በከረጢት ታስሮ የሚቀር ነበር። እሱ ግን የቤቱን ዕቃ ያውቀዋል።

የጋዋሲስ ቁፋሮ እስከ 2011 ዘለቀ። በ2010 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3000 ጀምሮ እስከ 1000 ዓ.ም. ድረስ ያለውን የአፍሪካ ቀንድ ሰሜናዊ ክፍል መንግሥታት አመጣጥ በአንድ ረጅም ጽሑፍ አቀናብሮ አወጣ፤ ከሰላ፣ ይሓ፣ ቤተ ጊዮርጊስና ጋዋሲስ በአንድ ትረካ ውስጥ የገቡበት ሥራ ነው። በዚያው ዓመት አካባቢ ደግሞ ወጣት ሳለ ወደቆፈራት ሰግላመን ተመለሰ፤ ተማሪው ከነበረችው ሉዊዛ ሰርኒኮላ ጋር። ሰግላመን ቤተ መቅደስ አይደለችም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛውና በአምስተኛው ምዕተ ዓመታት መካከል ሰዎች የኖሩባት መንደር ናት። ግድግዳ፣ ምድጃ፣ ማሰሮ፣ የእህል ወፍጮ፤ ይሓ ስትታነጽ ገበሬው እንዴት ይኖር እንደነበር የሚታየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ይህን መምረጡን እወድለታለሁ።

ሮዶልፎ ፋቶቪች በ2018 ዐረፈ። ከባርድ ጋር ስለ ፑንት የባሕር ጉዞዎች የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። የጋሽን ሥራ አንድሪያ ማንዞ በምሥራቅ ሱዳን ቀጠለ፤ የአክሱሙን ሰርኒኮላ ያዘች። በ2023 የታተመ የዘረ መል ጥናት በግብፅ መቃብር የተገኘን የዝንጀሮ ሬሳ መርምሮ ዝርያው በቀይ ባሕር ዳርቻ በነበረችው የአክሱም ወደብ፣ በአዱሊስ፣ አካባቢ ካሉት ዝንጀሮዎች ጋር እንደሚገጥም አሳየ። የፑንት ክርክር በዚህ አልተዘጋም፤ ሚዛኑ ግን ፋቶቪች ወደቆመበት ወገን አዘንብሏል።

ይሓ ላይ በ2009 ጀርመኖች ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ሥራ ጀመሩ። ከሁሉ የበለጠ የፋቶቪችን ጥያቄ ወደፊት የወሰደው ግን በካተሪን ዳንድሪያ የተመራው የምሥራቅ ትግራይ ቁፋሮ ይመስለኛል፤ ቦታው ጉሎ መኸዳ ውስጥ ያለው መዝብር ነው። የመጀመሪያው የሰው መኖሪያ ንብርብር ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 1600 ገደማ ይደርሳል። የይሓ ቤተ መቅደስ ከመታነጹ በፊት ከስምንት መቶ ዓመት በላይ በዚያ ደጋ ላይ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ከብት አርብቶ ኖሯል። ከዚሁ ቦታ የወጣውን አጥንት የመረመረችው ኢትዮጵያዊቷ አርኪዮሎጂስት ሔሊና ወልደኪሮስ በ2016 ከዳንድሪያ ጋር ባሳተመችው ጥናት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 አካባቢ የኖረች ዶሮ አጥንት ለይታ አወጣች። ከአፍሪካ ጥንታዊ የዶሮ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ዶሮ የእስያ ወፍ ናትና በባሕርም ሆነ በየብስ ተሻግራ መጥታለች፤ የተበላችው ግን መዝብር ውስጥ፣ የመዝብር ሰው ምድጃ ላይ ነው።